ዝም ያለውን ቻይና ውሸታም፣ የተናገረውን ፈረንጅ ባለጌ አንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው።

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ስለ ውጭ ባለሀብቶች የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩ። ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ነው። ስለ ደመወዝም ስለ ሠራተኛ ትራንስፖርትም ጸሐፊው ያነሱት እውነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ማለፍ አቃተኝ። ቻይናዊ እሺ ብሎ አያደርግም፣ ፈረንጅ ግን ቢያንስ እውነቱን ፊት ለፊት ይነግርሃል ብለዋል።

ይህን አባባል በባጃጅ ውስጥም፣ በሻይ ቤትም፣ በፋብሪካ በር ላይም እሰማዋለሁ። ተቃራኒውንም እሰማለሁ። ፈረንጅ ደረቅ ነው፣ ሰው አያከብርም፤ ቻይና ግን እንደኛው ነው ይባላል። ሁለቱም አባባል ሰው ያጣላል። ከዚያም አልፎ የስንቱን ልጅ እንጀራ ሲያሳጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

እኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። አለቆቼ ቻይናውያን ናቸው። የምንሰፋውን የሚገዙት ደግሞ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ናቸው። ቻይንኛ አዲስ አበባ ተምሬያለሁ። ሥራዬ በሁለቱ መካከል ማስተርጎም፣ የሁለቱንም ነገር ደግሞ ለሠራተኛው ማድረስ ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከቃሉ፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከተንታና ከወረባቦ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

ኮምቦልቻን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። ከአዋሽ በከተማችን አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር የያዘው የቱርክ ኩባንያ ነበር። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ ያለውን ደግሞ ቻይናውያን። የቢራ ፋብሪካችን የፈረንሳዮች ነው። ከሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ቦርከናን የሚያይ ሰው ትንሽ ከተማ ያየ ይመስለዋል። ግን እዚህ በአንድ ምሳ ሰዓት የስንት አገር ሰው አነጋገር ይሰማል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የሆነውን ነው የምነግራችሁ፤ የፋብሪካውን ስም ግን አልጠራም።

የአንድ አውሮፓዊ ገዢ ወኪል መጣ። ስብሰባ ተቀመጥን። በአንድ በኩል ወኪሉና ረዳቱ፣ በሌላው በኩል ቻይናዊው ሥራ አስኪያጅና ምክትሉ፣ ከዳር ደግሞ የእኛ ላይን ሊደሮች (የስፌት መስመር ኃላፊዎች) እና የኳሊቲ ኃላፊዋ አሉ። ወኪሉ ገና እንደተቀመጠ ላፕቶፑን ከፈተ። ሻዩን አልነካውም። «ትዕዛዙ በቀኑ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» ብሎ ጠየቀ። ጨርቁ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደቆመ ከሁለቱ እንግዶች በቀር በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «በተቻለን መጠን እንጥራለን፣ ችግር አይኖርም» አለ። ወኪሉ ደስ ብሎት ጻፈ።

የቻይናን ሰው ለሚያውቅ መልሱ ያኔውኑ ተሰጥቷል። አይወጣም ነው። መጀመሪያ ያለው ዝምታ፣ «በተቻለን መጠን» መባሉ፣ ምክትሉ ዓይኑን ወደ ሻይ ብርጭቆው መመለሱ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ወኪሉ የያዘው ግን ቃሉን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ መስፊያው አዳራሽ ወረደ። አንዷን ላይን ሊደር ጠርቶ በሥራ አስኪያጁ ፊት «ታደርሳላችሁ?» አላት። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ምን ትበል? አዎ ብትል ውሸት ነው። አይ ብትል አለቃዋን በእንግዳ ፊት ማጋለጥ ነው። ዝም አለች። ወኪሉ ጨርቅ ማከማቻው ድረስ ሄዶ ባዶውን መደርደሪያ አየ።

ማምሻውን ኢሜይል መጣ። «ዋሽታችሁኛል» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በራሱ በኩል ቆስሏል። «በሠራተኞቼ ፊት አዋረደኝ፣ ከእንግዲህ ከእሱ ጋር አልነጋገርም» አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የተቆጡት። ሁለቱም ሌላው ሆን ብሎ ያደረገው ነው የመሰላቸው። የእኛ ልጆችም በምሳ ሰዓት ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ጀመር። ግማሹ ከዋሸው ተጠንቀቁ፣ ግማሹ ካዋረደው ተጠንቀቁ ይላል።

እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሥራ አስኪያጁ አልዋሸም። ወኪሉም ማዋረድ አልፈለገም።

በቻይናውያን ዘንድ ሰው በሌሎች ፊት ያለው ክብር ትልቅ ነገር ነው። የራስን ክብር ብቻ አይደለም የሚጠብቁት፤ የእንግዳውንም ነው። ከሩቅ የመጣን ሰው በሰው መሀል «አልችልም» ብሎ መመለስ ሁለቱንም ማሳፈር ይሆናል። ስለዚህ እምቢታው ዞሮ ነው የሚመጣው። «እናስብበት» ይባላል። «እናጥናው» ይባላል። «ትንሽ ያስቸግራል» ይባላል። አንዳንዴ ወሬው ይቀየራል፣ አንዳንዴም ዝም ይባላል። ሌላ ቻይናዊ ይህን ሲሰማ እምቢ መባሉ ወዲያው ይገባዋል። የተታለለ ሰው የለም።

ስብሰባም ለእነሱ መከራከሪያ አይደለም። ከባዱ ነገር ከስብሰባው በፊት በየግሉ ያልቃል። በእራት ላይ፣ በሻይ ላይ፣ ወይም በዊቻት፣ በቻይናውያን የስልክ መልእክት መለዋወጫ፣ በሚላክ የድምፅ መልእክት። ስብሰባው ያለቀውን ለማጽናት ነው። ትልቁ እያለ ትንሹ አይቀድምም።

ፈረንጁ ግን ስብሰባ የሚጠራው እዚያው ተከራክሮ እዚያው ለመጨረስ ነው። መጥፎ ዜናን ቀድሞ መናገር ለእሱ ታማኝነት ነው። ቶሎ ከነገርከው ይተባበርሃል፤ ከደበቅከው ግን ነገሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ እምነቱ ይጠፋል። ስብሰባው ሲያልቅ የተባለውን በሙሉ ጽፎ ይልካል። በእሱ አገር ይህ ንጹህ አሠራር ነው። ቻይናዊው አለቃ ሲደርሰው ግን «ቃሌን አላመነም ማለት ነው» ብሎ ቅር ይለዋል። ውል ላይም ያው ነው። ፈረንጁ ውሉ ሲፈረም ነገሩ አለቀ ይላል። ቻይናዊው ውሉ ሲፈረም ወዳጅነቱ ገና ተጀመረ ይላል። ሁኔታው ሲቀየር ወዳጅ ለወዳጅ ያስተካክላል ብሎ ይጠብቃል። ፈረንጁ «ገጽ ስንት ላይ ነው ያለው?» ሲለው ደንግጦ ያየዋል።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል በ1976 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር በደንብ አስቀምጠውታል። በአንዳንድ ማኅበረሰብ መልእክቱ አብዛኛው በቃሉ ውስጥ አለ። በሌላው ደግሞ አብዛኛው ከቃሉ ውጭ ነው ያለው። ማን ተናገረው፣ ለማን፣ በማን ፊት፣ በምን ድምፅ የሚለው ነው ትርጉሙን የሚሰጠው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ስዊሶችን ከአንዱ ጫፍ አደረጓቸው። ቻይናና ጃፓንን ወደ ሌላው ጫፍ። ሰውዬው ይህን የጻፉት ዝም ብለው ተቀምጠው አልነበረም። በ1950ዎቹ ወደ ውጭ የሚላኩ የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን ያሠለጥኑ ነበር።

ይህ ሐሳብ ይጠቅማል። ሰው መመደቢያ ካደረግነው ግን መልሶ ያሳስታል። «ፈረንጅ ቀጥተኛ ነው» የሚለው ለምሳሌ ግማሽ እውነት ነው። ሆላንዳዊ «ይህ መጥፎ ነው» ብሎ ይጨርሳል። እንግሊዛዊ ግን ሐሳብህን ካልወደደው «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ብሎ ሊያልፍህ ይችላል። አሜሪካዊ ሊወቅስህ ሲፈልግ መጀመሪያ ያመሰግንሃል፣ መሀል ላይ ወቀሳውን ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ያመሰግንሃል። የእኛ ልጆች ምስጋናውን ብቻ ይዘው ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሲያልፍም ቅር ይላቸዋል። እኛ ሰላምታ ስንጀምር የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሳንጠይቅ አናቆምም።

ቻይናዊ ደግሞ በብዙ ነገር ከፈረንጅ ይልቅ ቀጥተኛ ነው። ደመወዝሽ ስንት ነው? ዕድሜሽስ? ለምን አላገባሽም? ወፍረሻል! ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል፣ ይናገራል። ፈረንጅ በዚህ ፊቱ ይቀላል። ለእኛ ግን ምንም አይደለም። በወሎ ገበያ ወፍረሻል ያልተባለች ሴት ታማ ከርማ ይሆናል ነው የሚባለው። የቻይና ሰውም አንድ አይደለም። ከሰሜን ምሥራቅ የመጡት በግልጽ ይናገራሉ፣ ድምፃቸውም ከፍ ያለ ነው። ከደቡቡ የመጡት ረጋ ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ከአባቶቻቸው በጣም ይለያሉ።

ሰው የሚሰማው አስቀድሞ የጠበቀውን ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ሄደው ሳለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ተጠየቁ ይባላል። «ገና ነው፣ አሁን መናገር አይቻልም» ብለው መለሱ። ምዕራባውያን በዚህ መልስ ስንት ዓመት ሲገረሙ ኖሩ። ቻይናዊ በመቶ ዓመት ነው የሚያስበው፣ የ1789ን አብዮት እንኳ ገና እየመዘነ ነው አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን በቦታው አስተርጓሚ የነበሩት አሜሪካዊው ዲፕሎማት ቻስ ፍሪማን ነገሩን አስረዱ። ቹ ኤንላይ የመሰላቸው በ1968 ፓሪስ ላይ የተነሳው የተማሪዎችና የሠራተኞች አመፅ ነበር። ገና አራት ዓመቱ ነው። ስለ እሱ «ገና ነው» ማለት የማንም ሰው መልስ ነው። መልሱ የጥልቅ ጥበብ ምልክት ተደርጎ የኖረው አድማጮቹ ቻይናዊ እንዲህ ይላል ብለው ስለጠበቁ ነው። እኛም «ቻይና ይዋሻል» ብለን ከጀመርን ዝምታውን ሁሉ ውሸት እናደርገዋለን። «ፈረንጅ ይንቃል» ካልን ጥያቄውን ሁሉ ንቀት እናደርገዋለን።

እኛ የወሎ ሰዎች በዚህ ነገር የተለየ ቦታ ላይ ነን ብዬ አምናለሁ። የቻይናን ዘዬ የምንረዳው ሳንማር ነው። ዕቃ ስንሰጥም ስንቀበልም በሁለት እጅ ነው፤ እነሱም ቢዝነስ ካርድ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚሰጡት። ስጦታ ሲመጣልን በሰጪው ፊት አንከፍትም፤ እነሱም ወደ ጎን ያስቀምጡታል። ፈረንጁ ግን እዚያው ቀዶ ካላየና ካላመሰገነ ሰጪውን የናቀ ይመስለዋል። ብላ ስንባል መጀመሪያ «በቃኝ» ነው የምንለው። ጋባዡም በሞቴ ብሎ ያጎርሳል። የቻይና ጋባዥም እምቢ እያልክ ሳህንህ ላይ ይጨምራል። ፈረንጅ ቤት ግን «ቡና ትጠጫለሽ?» ስትባይ «አይ፣ ይቅር» ካልሽ ቡናው ቀረ።

ትልቁ ነገር ግን ሽማግሌው ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ከተጣላ በቀጥታ ሄደው አይነጋገሩም። መሀል የሚገባ ይፈለጋል። ደም እንኳ ሲፈስ አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ ናቸው ገብተው የሚያስታርቁት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አበጋር ሲጠራው ይመጣል። ቻይናውያንም ከባድ ነገር ሲኖር ሁለቱም የሚያከብሩትን ሰው መሀል ያስገባሉ። ሥራ አስኪያጄ ጉዳዩን ከወኪሉ ጋር ለመጨረስ እኔን በምክትሉ በኩል ሲያስጠራኝ ቶሎ የገባኝ ለዚህ ነው። ፈረንጁ ግን «ለምን ራሱ አይነግረኝም?» ይላል። ለእሱ በሰው በኩል መላክ መሸሽ ነው።

ታዲያ ይህ ቅርበት ጥሩ ብቻ አይደለም። አደጋም አለው። ቻይናዊው አለቃ ክብሩን ይጠብቃል። የእኛ ልጅ ይሉኝታ ይይዛታል። ማሽኑ ተበላሽቶ፣ መርፌው ጨርቅ እየቀደደ፣ ልኩ ግማሽ ሴንቲሜትር ተዛብቶ፣ ሁለቱም እያወቁ ሁለቱም ዝም ይላሉ። መጥፎውን ዜና የሚናገር ይጠፋል። መጨረሻ ላይ የሚናገረው ኮንቴይነሩ አውሮፓ ደርሶ ሲከፈት ነው። ያኔ ተመላሽ ይሆናል። ቅጣቱ ፋብሪካው ላይ ያርፋል፣ ኦቨርታይሙ ይቀራል፣ ላይኑ ይዘጋል። ከጦርነቱ ወዲህ፣ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላኩ ዕድል (አገዋ) ከተቋረጠብን ወዲህ፣ አንድ ገዢ ማጣት ለዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ለቻይናውያን አለቆችም የምለው አለኝ። የሰው ክብር በሌሎች ፊት ይጠበቅ ከተባለ የሠራተኛዋም ይጠበቅ። በብዙ መስፊያ አዳራሽ የማየው ሌላ ነው። ለእንግዳና ለበላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ለታች አይደረግም። ፎርማኑ በላይኑ መሀል ቆሞ ይጮሃል። የተሳሳተውን ልብስ ከፍ አድርጎ ለሁሉም ያሳያል። ልጅ ያላትን ሴት የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት እንደ ሕፃን ይቆጣታል። በአገሩ አለቃ ሠራተኛውን እንዲህ መቆጣቱ የተለመደ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሴት ግን እዚያ አትከራከርም። አንገቷን ደፍታ ሰዓቷን ትጨርሳለች። በማግስቱ አትመጣም። ምክንያቱንም ለማንም አትናገርም። አለቃው «እነዚህ ሰዎች ሥራ አይወዱም» ብሎ መዝገቡ ላይ ይሰርዛታል። ሥራ ጠልታ ግን አይደለም። ብቻዋን ጠርቶ የፈለገውን ቢላት ትመጣ ነበር።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ሞቶ ቀብር ያልሄደ ሰው በሰፈሩ ሰው አይደለም። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ሳታስፈቅድ ትሄዳለች፤ መፈቀድ አለበት ብላም አታስብም። ቻይናዊው ከደመወዟ ይቆርጣል። ፈረንጁ ኦዲተር የፈቃድ ወረቀቷን ይጠይቃል። ስለ ሟቹ የሚጠይቃት የለም። የዓርብ ጁምዓም አለ። ሰላሳ ደቂቃ አስቀድሞ ቢነገርና ቢመቻች ማንንም አያጣላም። ሳይነገር ሲሆን ግን ላይኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ጩኸትም ይጀመራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲያወራ ውጫሌን ያነሳል። የ1881ዱን ውል አንቀጽ 17 ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው የወሎ ታሪክ ነው፣ መቅደላ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። መልስ አልተሰጠውም። ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ቢሮ አንድ ወረቀት ነበር፣ ፋይል ውስጥ ገባ። ለንጉሡ ግን የንጉሥ ቃል ነበር። ዝምታው ንቀት ሆነባቸው። ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ናፒየር ጦር ይዞ መጣ።

በ1860 ዓ.ም. (1868 እ.ኤ.አ.) በስቅለት ዕለት ከመቅደላ ሥር ውጊያ ሆነ። ብዙ ሰው አለቀ። በፋሲካው ዕለት ንጉሡ ለእንግሊዙ ጄኔራል 1,000 ላምና 500 በግ ላኩ። በእኛ አገር የጠላቱን ስጦታ የተቀበለ ታርቋል። ናፒየር ተቀብሏል ተብሎ ተነገራቸው። የቀሩትን አውሮፓውያንም ለቀቁ። በኋላ ግን ከብቱ የእንግሊዝን ዘብ እንዳላለፈ ሰሙ። ናፒየር የጠየቀው እጅ መስጠትን ነበርና ስጦታው ለእሱ ያንን አልተካለትም። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ተኮሱ። ጦርነቱ በከብት ምክንያት ሆነ አልልም። ምክንያቱ ብዙ ነበር። ግን በመጨረሻዋ ቀን አንዱ ዕርቅ ብሎ የላከውን ሌላው ዕርቅ ብሎ አላነበበውም።

እንግሊዞች ከዚያ 75 ዓመት በፊት በቻይናም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። በ1793 እ.ኤ.አ. ሎርድ ማካርትኒ ንግድ እንዲከፈትና ቤጂንግ ላይ አምባሳደር እንዲቀመጥ ሊጠይቅ ወደ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ሄደ። በግቢው ሥርዓት መሠረት ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት ማስነካት ነበረበት። ለንጉሤ እንኳ የማላደርገውን አላደርግም አለ። አንድ ጉልበቱን ብቻ አጠፈ። የጠየቀውን ሳያገኝ ተመለሰ። ለቻይና መንግሥት ስግደቱ የሥርዓት ጉዳይ ነበር፣ ለማካርትኒ የአገር ውርደት። እዚያም ቢሆን የንግድ ጥቅም ነበር ዋናው። ግን ስለ ጥቅሙ ገና ሳይነጋገሩ ስለ አጎነባበስ ሳምንታት ፈጁ።

ወደ ፋብሪካችን ልመለስ። ያ ጠብ እንዴት በረደ? አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ መካኒክ አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሚስተር» እያለ የሚያከብረው። ሥራ አስኪያጁም ይሰማዋል። እሱና እኔ መሀል ገባን። ሁለቱን በትንሿ ቢሮ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ሻይ ይዘን አስቀመጥናቸው። ወኪሉን አስቀድሜ አንድ ነገር ለመንኩት። «ይወጣል ወይስ አይወጣም?» ብለህ አትጠይቅ አልኩት። ጨርቁ የት እንዳለ ጠይቅ። በቀን ስንት ቁራጭ እንደሚሰፋ ጠይቅ። ምን ቢደረግ እንደሚፈጥን ጠይቅ። ሥራ አስኪያጁንም ለመንኩት። ለዚህ ሰው ቀን ንገረው፣ ቁጥር ስጠው፣ ከዘገየም ስንት ቀን እንደሚዘገይ ጨክነህ ንገረው፣ አይቀየምህም አልኩት። ተነጋገሩ። የትዕዛዙ ግማሽ በአውሮፕላን፣ ግማሹ ዘግይቶ በመርከብ እንዲሄድ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጡ ነገሮች አሉ። የስብሰባው ጥያቄዎች ቀድመው ለምክትሉ ይላካሉ። መጥፎ ዜና ካለ በምክትሉ በኩል ከስብሰባው በፊት ይነገራል። ወኪሉም ወደ አዳራሹ ወርዶ ላይን ሊደሮችን በአለቃቸው ፊት መጠየቁን ተወ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከመላኩ በፊት ሥራ አስኪያጁ ያየዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ስለዚህ ያላመነው ሰው የጻፈበት ክስ አይመስለውም። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ የላይኑ ሰሌዳ ነው። በየሰዓቱ የተሰፋው፣ የተበላሸው፣ የቆመው ማሽን እዚያ ይጻፋል። ልጅቷ በአፏ አለቃዋን ማጋለጥ አይኖርባትም፤ የፈለገ ሰሌዳውን ያነባል። ይሉኝታዋም ይጠበቃል፣ እውነቱም አይደበቅም። እኔ ይህን ሰሌዳ ስወደው ለጉድ ነው።

አሁንም ጭቅጭቅ አለ። የሁሉም ነገር ምክንያት ባህል ነው ብዬም አላምንም። ሆን ብሎ የሚያታልል ቻይናዊ አለ፣ ሆን ብሎ የሚንቅ ፈረንጅም አለ፣ ሰበብ የሚያበዛ የእኛም ሰው አለ። ያን ለመለየት ግን መጀመሪያ የሰውየውን አነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። ካላወቅን ንጹሑንም አጥፊውንም በአንድ ላይ ነው የምንፈርደው።

በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የስፌት ሥልጠና ይሰጣል። መቀስ አያያዝ፣ ማሽን ማጽዳት፣ የእሳት አደጋ ሁሉ ይነገራል። በዚያ ላይ ግማሽ ቀን ይጨመር። ቻይናዊ አለቃሽ ዝም ሲል ምን ማለቱ ነው? ፈረንጁ ሲያመሰግንሽ እስከ መጨረሻው አዳምጪ። ችግር ስታዪ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ትናገሪያለሽ? ይህን የሚያስተምር ሰው ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በኮምቦልቻ ለዓመታት በመሀል የሠሩ አስተርጓሚዎችና ላይን ሊደሮች ሞልተዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በራችን ላይ ነው፤ ተመራቂዎቹ ነገ የሚቀጠሩት እዚሁ ነው። ሥልጠናው ለውጭዎቹ አለቆችም ይሰጥ። ስለ ለቅሶ፣ ስለ ጁምዓ፣ ስለ ጾም፣ ሴት ልጅን በሰው ፊት ስለ መቆጣት ይነገራቸው። በሚቀጥለው የቅጥር ወቅት ቢጀመር የፓርኩ አስተዳደር ብዙ ወጪ የሚያወጣበት አይመስለኝም። አዳራሹ አለ፣ ሰዎቹም አሉ።

በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚና በድሬዳዋ ፓርኮች የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞችም በዚህ ገጽ ጻፉ። እናንተ ጋ እንዴት እንደሚደረግ ብናውቅ እዚህ እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ